ሩሲያኛ በ47 ዓመት፦ ከጅማ ሆኖ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ወንድሜ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት የሄደው በ1980 ዓ.ም ነው። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይመለሳል ሲባል እዚያው ቀረ። ቮሮኔዥ በምትባል ከተማ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። ለልጁ ግን አማርኛ አላስተማራትም። ለምን ስለው "ጊዜ የት ነበረኝ?" አለኝ፤ ተውኩት። ልጅቷ አሁን 17 ዓመቷ ነው። በቪዲዮ ስንገናኝ እኔ እስቃለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ እጃችንን እናወዛውዛለን፣ ከዚያ ጸጥ። አንድ ቀን ይሄ ጸጥታ መረረኝና ሩሲያኛ ልማር ብዬ ተነሳሁ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። አፕ ሞክሬያለሁ፣ መጽሐፍ ሞክሬያለሁ፣ የሰፈር አስተማሪ ይዣለሁ፣ በኢንተርኔትም ከፍዬ ተምሬያለሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ፤ እዚያ ደግሞ ወሬ አይደበቅም። "እኔም ልጀምር አስቤ ነበር" የሚለኝ ሰው በዛ። የአንዱ ልጅ ሩሲያ ሕክምና ትማራለች። አንዱ የቡና ነጋዴ ነው፤ ገዢዎቹን በቋንቋቸው ሰላም ማለት ያምረዋል። አንዷ ጡረታዋ የደረሰ መምህርት ነች፤ "ጭንቅላቴ እንዳይዝግ" ትላለች። ሁሉም ከአርባ በላይ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ነው፦ በየት በኩል ልግባ?

መጀመሪያ ልካችንን እንወቅ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። ይህ ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው ሩሲያኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመቻል 44 ሳምንት፣ 1100 የክፍል ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል ይላል። ደስ የሚለው ነገር አማርኛንም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ያ ለፈረንጅ መከራ የሆነ ቋንቋ እኛ እናታችን ጀርባ ላይ ሆነን የተማርነው ነው።

1100 ሰዓት ግን ቀልድ አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት ያጠና ሰው በዓመት 182 ሰዓት ያገኛል። ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። እኔ ዲፕሎማት ልሆን አይደለም፤ ከወንድሜ ልጅ ጋር ማውራት ነው የምፈልገው። ለዚህ ያነሰ ግብ ይበቃል። ሩሲያውያን ለውጭ ዜጎች ያዘጋጁት የደረጃ ፈተና አለ። የመጀመሪያው እርከን 780 ቃላት፣ ቀጣዩ 1300 ቃላት ገደማ ይጠይቃል። በቀን አምስት ቃል ብንይዝ 780ው በአምስት ወር ከምናምን ያልቃል። እርግጥ የትናንቱ ካልጠፋ ነው። በኛ ዕድሜ ይጠፋል፤ እሱን አስቡበት።

አማርኛ የሚያግዘን ቦታ

ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ ደርሼበት ነው ያወቅኩት። ምርጫውንም ስለሚቀይር ትንሽ ልቆይበት።

የሩሲያኛ ፊደል 33 ነው። የኛም ገበታ ወደ ጎን ሳይቆጠር 33 ነው። እነሱ ጎን የላቸውም፤ ስለዚህ ፊደሉ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የሚያደናግሩት ከእንግሊዝኛ ጋር መልክ እየተመሳሰሉ ድምፃቸው የሚለያይ ጥቂት ፊደላት ብቻ ናቸው። የእንግሊዝኛውን ፒ የሚመስለው ረ ነው። ኤችን የሚመስለው ነ ነው። ሲን የሚመስለው ሰ ነው። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን "ሬስቶራን" የሚለውን ጽሑፍ "ፔክቶፓ" ብዬ አንብቤ አስቄያለሁ።

ፈረንጆች ሩሲያኛ ሲማሩ የሚያለቅሱባት አንዲት አናባቢ አለች። ምላሳቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ይጠፋቸዋል። እኛ ግን ሳድሳችን ውስጥ አለች፤ "እ" የምንላት ናት ለማለት ትንሽ ነው የሚቀራት። "አንተ" ለማለት "ት" ብላችሁ ሳድሱን ሳብ ማድረግ ነው። "እኛ" ለማለት "ም"፣ "እናንተ" ለማለት "ቭ"። በቃ። ይቺው "ቭ" ለአንድ ሰው ስትነገር "እርስዎ" ማለት ነች፤ አንቱታን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ግሳቸውም ኃላፊ ጊዜ ላይ ወንድና ሴት ይለያል። አነበበ "ቺታል"፣ አነበበች "ቺታላ"። ልዩነቱ እነሱ "እኔ" ሲሉም መለየታቸው ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ "ያ ቺታላ" ነው የምለው።

ከዚያ ጫና አለ፤ ቃል ሲነገር ከሌላው ክፍል ይልቅ ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ክፍል ማለቴ ነው። በሩሲያኛ "ዛሞክ" የሚለው ቃል ፊቱ ላይ ከተጫኑት ግንብ፣ መጨረሻው ላይ ከተጫኑት ቁልፍ ነው፤ መክፈቻውን ሳይሆን የበሩን መቆለፊያ ማለቴ ነው። ጽሑፉ ላይ ግን ጫናው አይታይም። የውጭ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኛ ደግሞ "ገና" የሚለውን በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር ሳይጻፍልን ስናነብ ኖረናል። "አለ" ይጠብቅ ይላላ ማን ጽፎልን ያውቃል? ጆሯችን ነው የሚነግረን። ሩሲያኛም እንደዚያ ነው። በጆሮ ያልሰሙትን ቃል በዓይን ብቻ መያዝ ኪሳራ ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ ወደ መጽሐፉ ስንመጣ እመለስበታለሁ።

የሚከብደው የስም ጅራት ነው። ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሥራ መጨረሻው ይቀያየራል፤ ስድስት ዓይነት ነው። አማርኛ በ"ን" አንዱን ያስለምደናል። አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ጅማዊ ደግሞ "ነማ" እና "ነምኒ" አንድ ሰው ሆነው ሥራቸው ብቻ እንደሚለያይ ያውቃል። ቀሪውን መልመድ ነው። ቁጥር ላይማ ጉድ ነው። ሁለት ስኒ "ድቬ ቻሽኪ"፣ አምስት ስኒ ሲሆን "ፒያት ቻሼክ"። ስኒው ያው ስኒ ነው፤ ጅራቱ ግን እንደ ቁጥሩ ይቀያየራል።

የስልክ አፕ፦ ለመግቢያ እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም

እንደ ዱኦሊንጎ ያሉት በነፃ ይገኛሉ። ሩሲያኛን በአማርኛ የሚያስተምር ስለሌላቸው በእንግሊዝኛ በኩል ነው የምትማሩት። እንግሊዝኛችሁ ደከም ካለ ሁለት ሸክም ይሆንባችኋል። ለፊደልና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መቶ ቃላት ግን ቆንጆ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይሠራል፣ ወረፋ ላይ ሆኖ ይሠራል።

እኔ 94 ቀን ሳላቋርጥ ሄድኩ። ከዚያ መስከረም መጣ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው መስከረምን ያውቀዋል፤ ደብተር የሚገዛ ወላጅ ምሳ እንኳ አያስበላም። አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ ጠፋሁ። ስልኬ ማስታወሻ ይልክልኛል፤ እኔ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ስልክ ቢከፋው ምን ይለኛል?

ሌላው ጉድለቱ ስሙ ለምን ጅራቱን እንደቀየረ በወጉ አለማስረዳቱ ነው። ልጅ ሳያውቅ ይለምዳል። የ47 ዓመት ሰው "ለምን?" ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሰፈር አስተማሪ፦ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ

ጅማ ውስጥ በደርግ ዘመን ሩሲያና ዩክሬን፣ ታሽከንትና ሌላም ቦታ የተማሩ ሰዎች አሉ። ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ፣ መሐንዲስ፣ ወታደር። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። ጠያቂ ስለሌላቸው ዝም ብለው ተቀምጠው ነው እንጂ ቋንቋው ውስጣቸው አለ። እኔ ያገኘኋቸውን ጋሼ ልበላቸው። መነጽር ሊያሠሩ ሲሄዱ ከሱቄ ፎርም ኮፒ አስደረጉ፤ ወረቀቱ ላይ ከድሮ ዲፕሎማቸው የሩሲያኛ ማኅተም አየሁ። "ዝድራስትቩይትዬ" አልኳቸው እየተንተባተብኩ። ቆመው ቀሩ። "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። እንባ ያቀረሩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና እሑድ ቤታቸው እሄዳለሁ። ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ ቡናና ስኳር ይዤ ነው የምሄደው። እትዬ ቡና ያፈላሉ። አቦሉ እስኪደርስ ፊደልና ንባብ፤ ቶናው ላይ አማርኛ የተናገረ ተቀጣ። በረካው ላይ ጋሼ ስለ ታሽከንት ሐብሐብ ማውራት ይጀምራሉ፤ ትምህርቱ ያልቃል። አልቆጨኝም። ሐብሐብ በሩሲያኛ "አርቡዝ" እንደሆነ መቼም አልረሳም።

ቡና ካነሳን አይቀር፦ "ኮፌ" በሩሲያኛ ወንድ ነው። በ"ኤ" የሚያልቅ ስም ወንድም ሴትም ያልሆነ መሆን ነበረበት፤ ቡና ግን ሕጉን ጥሶ ወንድ ሆኗል። ጥቁር ቡና "ቾርኒ ኮፌ" ነው። ተራው ሰው ሲናገር ይስታል፤ አስተማሪ ግን ያርማል። ለጅማ ሰው ይሄ ቁም ነገር ነው።

ጉድለቱስ? የጋሼ ሩሲያኛ የዘመኑ አይደለም። ኮምፒውተርን "ኤ-ቬ-ኤም" ነበር ያሉኝ። የወንድሜን ልጅ እንደዚያ ብላት አባቷን ጠርታ ጠየቀችው፤ ሁለቱም ሳቁብኝ። ዛሬ "ኮምፒዩተር" ነው የሚሉት። "ቶቫሪሽ" ብዬም ሰላም ብያታለሁ። እሷ ስትስቅ ነገሩ ገባኝ፤ ጓድ የሚሉት ቀርቷል።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ የቻለ ሁሉ አያስተምርም። ክፍያ የምትስማሙበት ሰው ከሆነ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። "ለምንድነው ድቬ ቻሽኪ፣ ፒያት ቻሼክ የሚባለው?" በሉት። ከሁለት እስከ አራት አንድ ዓይነት፣ ከአምስት ጀምሮ ሌላ ዓይነት እንደሆነ ምሳሌ እየሰጠ ካስረዳችሁ ያዙት። "እንዲሁ ነው የሚባለው" ካለ ደግሞ ለመጫወቻ ጥሩ ሰው ነው፤ ክፍያውን ግን አስቡበት።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ነበረብኝና ሁለት ረቡዕ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ ጋሼ። እኔ ያንን የ94 ቀን አፕ አስታወስኩ። በኛ ዕድሜ የጎደለን ጭንቅላት አይደለም። ሥራ፣ ልጅ፣ እድር፣ ለቅሶ አለብን፤ ሩሲያኛው ሁልጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። የሚጠብቀን ሰው ሲኖር ግን አይቀርም። ስለዚህ እኔ መንገድ ስመዝን መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው፦ ብቀር የሚደውልልኝ ሰው አለ?

በኢንተርኔት አስተማሪ መያዝ

ይሄም የሚጠብቅ ሰው አለው፤ ለዚያውም የዛሬ ሩሲያኛ የሚናገር። አስተማሪና ተማሪ የሚያገናኙ እንደ አይቶኪና ፕሬፕሊ ያሉ ድረ ገጾች አሉ። አስተማሪውን በቪዲዮ አይታችሁ፣ የሌሎችን አስተያየት አንብባችሁ ትመርጣላችሁ። ለአንድ ለአንድ ስለሆነ ማፈር የለም። እኔ ክፍል ውስጥ ከ20 ዓመት ልጅ ጋር ብቀመጥ አፌ ይታሰር ነበር።

እንቅፋቱ ክፍያው ነው። በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፤ ብዙዎቻችን የለንም። ለኔ ወንድሜ ነው የሚከፍልልኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተተመነ ትምህርት በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው ይሄን መንገድ ለጊዜው ቢያቆየው ይሻላል። ሌላው መብራትና ኔትወርክ ነው። ዝናብ ሲጠነክር እዚህ ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አላስረዳም። ትምህርቱን ጠዋት ማድረግ እኔን አግዞኛል፤ ዳታም በስልክ ተጠባባቂ ይኑር።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞስኮና ጅማ በሰዓት አይለያዩም፤ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እዚህም እኩለ ቀን ነው። ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኝ "ሁለት ሰዓት ላይ" ብዬ ከአስተማሪዬ ጋር ተቀጣጠርኩ። እኔ ማታ ራቴን በልቼ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬን ከፈትኩ። እሷ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጠብቃኝ ሄዳለች። የነሱ ሁለት የኛ ስምንት ነው! የትምህርቱ ሒሳብ ተቆረጠ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ስድስት ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ አትርሱ፤ ሰሌዳው ላይ በፈረንጅ ይሁን በኛ እንደሆነ ጻፉት።

በነፃ የሚሆን ዘዴም አለ፤ ልውውጥ። አማርኛ በሴንት ፒተርስበርግም በሞስኮም ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። አማርኛ የሚማር ሩሲያዊ ሰው ማናገር ይፈልጋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ከተገኘ ግማሽ ሰዓት በሱ ቋንቋ፣ ግማሽ ሰዓት በኛ። እኔ አንድ ተማሪ አግኝቼ ሦስት ወር ሄደን ፈተና ሲደርስበት ጠፋ። መጥፎ አይደለም፤ ግን አይመኩበትም።

መጽሐፍ ብቻውን

ያው ያልኳችሁ ጫና ነው ችግሩ። ድምፅ የሌለው መጽሐፍ ለሩሲያኛ አይሆንም። ጫናው በምልክት የታተመበት የተማሪ መጽሐፍ ከድምፅ ቅጂ ጋር ከተገኘ ግን ከአፕ ይበልጣል፤ ሰዋስዉን እንደ ትልቅ ሰው ያስረዳችኋል። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ቤት የድሮ መጽሐፍ አይጠፋም። መዝገበ ቃላት ከፈለጋችሁ ጋንኪን የተባለ ሩሲያዊ ምሁር ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሞስኮ ላይ የታተመ የአማርኛ ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት አለ። ያገኘ ሰው አያበድር።

በኔ ሱቅ በኩል ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። የሩሲያኛን የእጅ ጽሑፍ አጉልታችሁ አሳትሙ። የ"ሽ"፣ የ"ም"፣ የ"ል" እና የ"ኢ" ቅርጻቸው በእጅ ሲጻፍ ተያይዞ የአጥር ግንድ ነው የሚመስለው። መነጽር ለጀመረ ሰው በስልክ ላይ ማየት ቅጣት ነው።

አዲስ አበባ ወይስ ሩሲያ ድረስ?

አዲስ አበባ የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል አለ፤ ብዙ ሰው ፑሽኪን ይለዋል። የሩሲያኛ ትምህርት ይሰጣል። ከጅማ ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየሳምንቱ አይሞከርም። ሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲወስዳችሁ ጎራ ብላችሁ ስለ ትምህርቱና ስለ ፈተናው መጠየቅ ግን ይጠቅማል።

ሩሲያ ሄዶ የአንድ ዓመት መሰናዶ መማር ለልጆቻችሁ ነው። ሱቅ ዘግቶ፣ እናት ጥሎ የሚሄድ የለም።

ሩሲያና ጅማ የሚተዋወቁት ግን ዛሬ አይደለም። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኮንን በ1889 ዓ.ም በዚህ በኩል ሲያልፍ ጅሬን ላይ አባ ጅፋርን አግኝቷቸዋል። አማርኛም ተምሮ ነበር። ግን ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነው፤ ከኔ ጋር አታወዳድሩት።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ለነጋዴው፦ አፕ ለሁለት ወር፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ቁጥርና ዋጋ ብቻ የሚያለማምደው የሰፈር ሰው። ውል በእንግሊዝኛ ይፈረማል፤ ሰዋስው ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል። ልጇ ወይም ልጁ ሩሲያ ላለው ወላጅ፦ ልጁን አስተማሪ አታድርጉት። ሞክሬው ነው የምናገረው። ዘመድ ሁለት ቃል እንዳረመ ወደ ወሬ ይገባል፣ ወይ ይስቃል። ለመለማመጃ ግን የሱን ያህል የለም። ለመምህርቷ፦ መጽሐፍና ድምፅ፣ ከጋሼ ጋር እሑድ እሑድ። እሷ ራሷ አስተማሪ ስለሆነች ሰዋስዉ ይጣፍጣታል። ዘመድ ውጭ ኖሮት ክፍያ ለማያሳስበው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የኢንተርኔት አስተማሪ፣ ከሰፈሩ ጋር ቀላቅሎ።

እኔ አሁን ያለሁት እንዲህ ነው፦ ረቡዕና እሑድ ጋሼ ጋ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት በቪዲዮ። በነሱ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ደብተሬ ሽፋን ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ስትደውል ስለ ዝናቡ አወራኋት። ሰባት ደቂቃ ቆየን። አራት ጊዜ አረመችኝ። ስንጨርስ "አክስት" የሚለውን ቃል በአማርኛ ንገሪኝ አለችኝ።